ሠላሳ ሞላ?

ቅዳሜ ቅዳሜ ለሰፈራችን ልጆች ፕሮግራሚንግ አስተምራለሁ። ኮምፒውተር የለንም፤ ሽምብራና ደብተር ይበቃናል። በኒውዚላንዱ ቲም ቤልና በባልደረቦቹ እጅ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ የተዘጋጀውን፣ 1፣ 2፣ 4፣ 8 እና 16 ነጥብ ባላቸው ካርዶች የሁለትዮሽ ቁጥር የሚያስተምረውን ዘዴ መጀመሪያ ሳነብ ትዝ ያሉኝ የኔታ ናቸው። ከቤተ ክርስቲያኑ ጥድ ሥር ባሕረ ሐሳብ ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸውና።

ባሕረ ሐሳብ አጽዋማትና በዓላት በየዓመቱ የሚውሉበት ቀን የሚወጣበት ስሌት ነው። ትውፊታችን ቀመሩን ለ12ኛው የእስክንድርያ ሊቀ ጳጳሳት ለቅዱስ ድሜጥሮስ ይሰጠዋል። ሊቃውንታችን በግዕዝ ይዘው፣ በቃል እያስጠኑ፣ በጣት አንጓ እያስቆጠሩ እኛ ዘንድ አደረሱት።

ባለፈው ለልጆቹ 2016ን ሰጠኋቸው። 5500 ሲደመርበት ዓመተ ዓለሙ 7516 ይሆናል። ለ19 ሲካፈል 11 ይተርፋል፤ ይህ ቀሪ መደብ ይባላል። የያዝነው ዘመን ገና አልተፈጸመምና 1 ይቀነሳል፤ ወንበሩ 10 ሆነ። ስለዚህ ወንበር ከ0 እስከ 18 ይሄዳል፤ ከዜሮ መቁጠርን ከፕሮግራም ቋንቋዎች በፊት ያወቅሁት እዚህ ነው። ወንበር በ11 ተባዝቶ በ30 ሲገደፍ፣ ማለትም ለ30 ተካፍሎ ቀሪው ሲወሰድ፣ አበቅቴ 20፤ በ19 ተባዝቶ በ30 ሲገደፍ መጥቅዕ 10።

ከዚያ የፕሮግራመሮቹ «ከሆነ» ይመጣል። መጥቅዕ ከ14 ከበለጠ በዓለ መጥቅዕ በመስከረም፣ ካነሰ በጥቅምት ይውላል። ጥቅምት 10 ቅዳሜ ነበር፤ የቅዳሜ ተውሳክ፣ ማለትም የሚደመርለት ቁጥር፣ 8 ነው። 10 እና 8፣ 18፤ ጾመ ነነዌ የካቲት 18 ገባ። የትንሣኤን ተውሳክ 9ን ጨምረን ሚያዝያ 27ን አገኘን። ልጆቹ የዘመን መቁጠሪያውን ገልጠው ሲያዩ ፋሲካ እዚያው ቀን ላይ ተቀምጧል! የጮኹት ጩኸት እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ።

እኔን ግን ከሁሉ በላይ የሚያስደንቀኝ ሌላ ነው። አበቅቴና መጥቅዕ ሲደመሩ ዘወትር 30 ይሆናሉ። ስሌቱ ስሕተቱን የሚያጋልጥበትን መፈተሻ በሆዱ ይዟል። የኔታ አንድ ቀን እንኳ «ተሳስተሃል» ብለውኝ አያውቁም። ዓይናቸውን ከመጽሐፋቸው ሳያነሱ «ሠላሳ ሞላ?» ይሉኝ ነበር፤ ካልሞላ የት እንደሳትሁ እስካገኝ ወደ ኋላ እመለሳለሁ።

በዚያው ቅዳሜ አንዲት ልጅ መጥቅዕን 12 ብላ አመጣችልኝ። ልነግራት አፌን ከፈትሁና ተውሁት።

«ሠላሳ ሞላ?» አልኳት።

ደብተሯን ይዛ ወደ ሽምብራዎቿ ተመለሰች።