ከቤተ መንግሥት ወደ ደምቢ ዶሎ

በአገራችን ታሪክ ባለ ሥልጣን ከከፍታው የሚወርድባቸው ደጆች ጥቂት ናቸው፤ ሞት፣ እስር፣ ስደት። ከርዕሰ ብሔርነት ወርዶ፣ የትውልድ አገሩን ሰዎች ድምፅ ጠይቆ፣ እንደ ማንኛውም እንደራሴ ምክር ቤት የገባ ሰው ግን ከዶክተር ነጋሶ ጊዳዳ በቀር አላውቅም።

ነጋሶ በ1935 ዓ.ም. በወለጋ፣ ደምቢ ዶሎ ተወለዱ። አባታቸው ቄስ ጊዳዳ ሶለን በዚያ አገር ስማቸው የገነነ ዓይነ ስውር ሰባኪ ነበሩ። ልጅየው ታሪክን መረጡ። እ.ኤ.አ. በ1984 በጀርመን፣ ፍራንክፈርት ለዶክትሬት ያቀረቡት ጥናት የሰዮ ኦሮሞን ታሪክ ከ1730 ገደማ እስከ 1886 የሚተርክ ነው። ሰዮ ማለት ደምቢ ዶሎና ዙሪያዋ ናት። ሰውየው ሕዝባቸውን ከመወከላቸው በፊት ታሪኩን ጽፈውለት ነበር።

ደርግ ሲወድቅ ተመለሱ። የኦሕዴድ አባልና የሽግግሩ መንግሥት የማስታወቂያ ሚኒስትር ሆኑ፤ ኅዳር 29 ቀን 1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥቱን ያጸደቀውን ጉባዔም በሰብሳቢነት መሩ። በዚያው ዓመት ነሐሴ ወር ርዕሰ ብሔር ተባሉ።

በ1993 ዓ.ም. ሕወሓት ለሁለት ሲሰነጠቅ ነውጡ ኢሕአዴግን በሙሉ አናወጠው። ነጋሶ ከድርጅቱ ስብሰባ ጥለው ወጡ፤ ኦሕዴድም ከአመራሩ አስወገዳቸው። የስድስት ዓመት ዘመናቸውን ፈጽመው መስከረም 28 ቀን 1994 ዓ.ም. ቦታውን ለግርማ ወልደ ጊዮርጊስ ለቀቁ። በዚያው ሰሞን የወጣው አዋጅ ቁጥር 255/1994 ከሥልጣን የወረደ ርዕሰ ብሔር ከወገንተኛ ፖለቲካ ካልራቀ ጥቅማ ጥቅሙን እንደሚያጣ ደነገገ። ቤት፣ መኪና፣ አበል፤ የዝምታ ዋጋው ይህ ነበር።

በግንቦት 1997 ዓ.ም. ምርጫ ነጋሶ በደምቢ ዶሎ የግል ዕጩ ሆነው ቀርበው አሸነፉ። 547 መቀመጫ ባለው ምክር ቤት፣ የማንም ፓርቲ ያልሆነ አንድ ድምፅ! አዋጁም የዛተውን ፈጸመ፤ ጥቅማ ጥቅሙ ቀረ።

እኔን የሚያስደንቀኝ እዚህ ላይ ያለው የሕግ ምፀት ነው። እርሳቸው በመሩት ጉባዔ የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 70፣ ርዕሰ ብሔር ሆኖ የተመረጠ እንደራሴ የምክር ቤት ወንበሩን ይልቀቅ ይላል። የተገላቢጦሹን መንገድ ግን አልዘጋም። አንቀጽ 54 ደግሞ እንደራሴ ተገዢነቱ ለሕገ መንግሥቱ፣ ለሕዝቡና ለኅሊናው እንደሆነ ይናገራል። ሌላው እንደ ጌጥ ያነበበውን ቃል እርሳቸው ዋጋ ከፍለው አነበቡት።

ቅዱስ ላደርጋቸው አልሻም። ፕሮፌሰር አሥራት ወልደየስ በእስር ሲማቅቁ ነጋሶ በቤተ መንግሥት ነበሩ፤ በዘመናቸው ጋዜጠኞች ታስረዋል። የኋላው ቆራጥነት የፊተኛውን ዝምታ አይፍቅም። ነገር ግን የኋላውን መንገድ ማንም አላስገደዳቸውም፤ አርፈው ቢቀመጡ ኖሮ ቤቱም ክብሩም አብሯቸው በኖረ ነበር። ከዚያ በኋላም አልቦዘኑም፤ የአንድነት ለዲሞክራሲና ለፍትሕ ፓርቲን በሊቀመንበርነት መርተዋል።

እኔ የምኖረው ልደታ፣ አብነት ሰፈር ነው። ቃሉ በቋንቋችን ምሳሌ፣ አርአያ ማለት ነው፤ የቆሎ ተማሪም ዜማውንና ቅኔውን የሚቀስምበት ጉባዔ የአብነት ትምህርት ቤት ይባላል። አብነት እንከን የሌለው ሰው መሆን የለበትም። ተማሪው ከመምህሩ የሚወስደው ዜማውን እንጂ ሳሉን አይደለም።

ዶክተር ነጋሶ ሚያዝያ 19 ቀን 2011 ዓ.ም. በጀርመን አገር ዐረፉ። ከወንበር ስለ መውረድ የምናወራ ብዙዎች ነን። እርሳቸው ግን ወርደው፣ ከታች ባለችው ወንበር ላይ ደግሞ በራሳቸው ፈቃድ ተቀመጡ። ዜማው ይኸው ነው፤ ተማሪውን እንጠብቃለን።