አምስት ስቴኪኒ፣ አንድ ብርቱካን

አንድ ብርቱካንና ጥቂት ስቴኪኒ አምጡ። ሁለቱን በተቻለ መጠን አራርቃችሁ ሰኩ ብትባሉ አንዱን ከላይ፣ አንዱን ከታች ትሰካላችሁ። ሦስት ከሆኑ ወገቡ ላይ በእኩል ርቀት ትደረድሯቸዋላችሁ። አምስትስ? እዚህ ጋ እጃችሁ ያመነታል። አይዟችሁ፣ የሒሳብ ሊቃውንትም ለረጅም ጊዜ አመንትተዋል።

ነገሩ ከአተም ጋር ይያያዛል። ኤሌክትሮንን እ.ኤ.አ. በ1897 ያገኘው እንግሊዛዊው ጄ. ጄ. ቶምሰን፣ በ1904 አተምን የሳለው ፖዘቲቭ ቻርጅ ባለው ሉል ውስጥ ኤሌክትሮኖች እንደተቀመጡበት አድርጎ ነበር። ኤሌክትሮኖች ደግሞ እርስ በርስ ይገፋፋሉ። ታዲያ ሉል ገጽ ላይ ብንለቃቸው ተገፋፍተው ተገፋፍተው የት ይረጋሉ? ይህ ጥያቄ ዛሬ «የቶምሰን ፕሮብሌም» ይባላል። በ1911 ራዘርፎርድ አተም ኒውክለስ እንዳለው ሲያሳይ የቶምሰን ሥዕል ወደቀ። ጥያቄው ግን አልወደቀም።

በ1930 ታመስ የሚባል ሆላንዳዊ የዕፅዋት ተመራማሪ በአበባ ብናኝ ላይ ያሉ ቀዳዳዎችን አቀማመጥ ሲያጠና ተመሳሳይ ጥያቄ ገጠመው። የእሱ ትንሽ ይለያል፤ ከሁሉም በላይ የተቀራረቡት ሁለት ነጥቦች ራሳቸው የቻሉትን ያህል እንዲራራቁ ነው የሚፈለገው።

አሁን ወደ ወጥመዱ እንምጣ። ስምንት ነጥብ ሲባል ሁላችንም ኪዩብ እናስባለን፤ ስምንት ማዕዘን አለው፣ ያምራልም። ግን ስህተት ነው! ሬዲየሱ 10 ሳንቲሜትር በሆነ ሉል ላይ የኪዩቡ ጎረቤት ነጥቦች በ11.5 ሳንቲሜትር ይራራቃሉ። የላይኞቹን አራት ነጥቦች በ45 ዲግሪ አዙራችሁ ሁለቱን ረድፎች ትንሽ ብታቀራርቡ ግን ርቀቱ 12.2 ይደርሳል። በቶምሰን ጥያቄም ቢሆን ኪዩቡ ይሸነፋል።

ለአምስቱ የቶምሰን ነጥቦች ሁሉም የገመተው መልስ ሁለት ዋልታዎቹ ላይ፣ ሦስት ወገቡ ላይ ነው። ኮምፒውተርም ደጋግሞ ይህንኑ ይሰጣል። ሆኖም «የተሻለ አላገኘሁም» ማለትና «የተሻለ የለም» ማለት ለየቅል ናቸው። ስድስትና አሥራ ሁለት ነጥቦች በ1990ዎቹ ተረጋገጡላቸው። አምስት ግን፣ ቁጥሩ ቢያንስም፣ አስቸገረ። በመጨረሻ የብራውን ዩኒቨርሲቲው ሪቻርድ ሽዋርትዝ በኮምፒውተር እየታገዘ፣ ሊኖሩ የሚችሉትን አቀማመጦች በትናንሽ ክፍል ከፋፍሎ አንድ በአንድ እየጣለ አረጋገጠ። ሥራው የታተመው በ2013 ነው።

እኔም ኢንጂነር ነኝና መጀመሪያ ኮድ ስጽፍ ዝም ብዬ ኬክሮስና ኬንትሮስን በዕጣ አወጣሁ። ነጥቦቹ ዋልታዎቹ ላይ ተጨናነቁብኝ። ለካ በ60 ዲግሪ ኬክሮስ ላይ ያለው ክብ የምድር ወገብን ግማሽ ብቻ ነው የሚያክለው! መፍትሔው ከ2,200 ዓመት በፊት ከኖረው አርኪሜዲስ ተገኘ። እኩል ውፍረት ያላቸው የሉል ቁራጮች የውጭ ገጻቸው ስፋት እኩል ነው። ስለዚህ ከፍታውን በእኩል እየከፈላችሁ በእያንዳንዱ ነጥብ 137.5 ዲግሪ ገደማ ዙሩ፤ ቆንጆ ጥምዝ ይወጣላችኋል። ይህም ቢሆን ጥሩ ግምት እንጂ ምርጡ መልስ አይደለም።

ስቲቭ ስሜል በ1998 ለ21ኛው ክፍለ ዘመን ብሎ በዘረዘራቸው 18 የሒሳብ ጥያቄዎች ውስጥ ሰባተኛው ይኸው የነጥቦች ነገር ነው። እናንተም ብርቱካኑን ከመላጣችሁ በፊት ሰባት ስቴኪኒ ሞክሩ። ከዚያ የተሻለ አቀማመጥ እንደሌለ በምን ታውቃላችሁ?