ራእይ ወይስ ልየታ?

የአጥቢያ ቤተ ክርስቲያን የአምስት ዓመት ዕቅድ ሲረቀቅ «ራእይ» የሚለው ቃል ከሁሉ ቀድሞ ይመጣል። ሥሩ «ርእየ» የሚለው የግእዝ ግሥ ነው፤ አየ ማለት። ዳንኤልና የፍጥሞው ዮሐንስ ያዩት ራእይ ተሰጣቸው እንጂ በኮሚቴ አልተረቀቀም። «ራእይና ተልእኮ» በየመሥሪያ ቤቱ ግድግዳ ከተሰቀለ ወዲህ ግን ቃሉ የምንመኘውን መድረሻ መጥሪያ ሆኗል። ይህ ያሳስባል፤ የኮሚቴ ምኞት የእግዚአብሔርን ፈቃድ ስም ሲይዝ ማን ደፍሮ ይጠይቀዋል?

የጎደለው ግሪኮች «ዲያክሪሲስ» የሚሉት፣ ለይቶ ማወቅ ነው። ግእዝ ለዚህ «ፈለጠ» አለው። ትግርኛ ይህንኑ ግሥ «ዐወቀ» ለማለት ሲይዘው፣ አማርኛ እንጨት ፈለጠበት።

ልየታ ድምፅ መስጠትንም አይንቅም። በ2012 እ.ኤ.አ. የግብፅ ኮፕት ቤተ ክርስቲያን ፓትርያርክ ስትሾም ሦስት ዕጩዎች በምርጫ ተለዩ፤ ጾምና ጸሎት ተያዘ፤ ከዚያም ዐይኑ የተሸፈነ ሕፃን ከመስታወት ጽዋ አንዱን ስም አወጣ፤ የአቡነ ታዋድሮስን።

ለአማርኛው «ፈቃዱን መለየት» ይስማማል። ለሂደቱ ደግሞ «ሱባኤ» አለን፤ ሰባት ከሚለው ቁጥር የወጣ፣ ጊዜ የሚጠይቅ ቃል። እንግዲህ በዕቅዱ ሰነድ «ራእያችን» በሚለው ርእስ ፋንታ «በሱባኤ የለየነው» ይጻፍ፤ ከሥሩም የተቃወሙት ምእመናን ሐሳብ ሳይቀር ይስፈር።