የሳል ሽሮፑ እና ጉበታችን

ሾኔ ከሐላባ ወደ ወላይታ ሶዶ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለች የሐዲያ ከተማ ናት። እዚያም እንደ ሌላው አገር ሁሉ ሰው ማሳል ሲጀምር መጀመሪያ ዝንጅብል ይፈላል፣ ማር ይጨመርበታል። ሳሉ አልለቅ ሲል ግን ዓይን ወደ መደርደሪያው ይሄዳል። አምና ለአባት የታዘዘው ሽሮፕ ግማሹ አለ። «ያው የሳል መድኃኒት አይደል? ለልጁም አንድ ማንኪያ ስጡት!» ይባላል።

እስቲ የዚያችን ማንኪያ ታሪክ እንከተል።

እ.ኤ.አ. በ1832 ፈረንሳዊው ኬሚስት ፒየር ዣን ሮቢኬ ከኦፒየም ውስጥ ኮዴይን የተባለውን ንጥረ ነገር ለይቶ አወጣ። ሳል ከአንጎላችን ሥር ካለው ክፍል የሚታዘዝ ነገር ነው፤ ኮዴይን ያንን ትእዛዝ ያደክማል። ችግሩ ትንፋሽንም የሚያዘው ያው ሰፈር መሆኑ ነው። መጠኑ ሲበዛ ሳል ብቻ ሳይሆን ትንፋሽም ይደክማል።

የሚብሰው ገና አልመጣም። በ1898 ባየር የተባለው የጀርመን ኩባንያ አዲስ የሳል መድኃኒት ለገበያ አቀረበ፤ ስሙም ሄሮይን! አዎ፣ ያው ዛሬ የምናውቀው ሄሮይን። ሱስ አያስይዝም ተብሎ ነበር። ሰዎች በሱስ ሲያዙ ታየ፤ ኩባንያውም በ1913 ማምረቱን አቆመ። ኮዴይን ግን «ለስላሳው» ተብሎ በሽሮፕ ጠርሙስ ውስጥ ቀጠለ።

ለስላሳ ነው ወይ? እዚህ ላይ ነው ጉበታችን የሚገባው። ኮዴይን ራሱ ደካማ ነው። ጉበት ውስጥ ያለ ሲዋይፒ2ዲ6 የሚባል ኤንዛይም ግን ጥቂቱን ወደ ሞርፊን ይለውጠዋል። አብዛኛው ሰው ይህን ኤንዛይም የሚሠራ ጂን ሁለት ቅጂ አለው፣ አንዱ ከእናት አንዱ ከአባት። አንዳንዱ ሦስትና ከዚያ በላይ አለው፤ እሱ ብዙ ሞርፊን በፍጥነት ይሠራል።

በ2004 የታተመ አንድ ታሪክ ይህን ያሳያል። የ62 ዓመት ሰው በጄኔቭ የሳንባ ምች ይዞት ለሳሉ የተለመደው መጠን ኮዴይን ይሰጠዋል። በአራተኛው ቀን ራሱን ሳተ። የሞርፊንን ሥራ የሚያከሽፍ መድኃኒት ተሰጥቶት ነቃ። ሲመረመር የጂኑ ቅጂ ብዙ ሆኖ ተገኘ። ኩላሊቱ መድከሙና አብሮ የወሰደው ሌላ መድኃኒትም ነገሩን አባብሰውት ነበር።

አሁን ወደ ራሳችን እንምጣ። በ1996 እሌኒ አክሊሉና ባልደረቦቻቸው ያሳተሙት ጥናት፣ ከተመረመሩት ኢትዮጵያውያን 29 ከመቶው ይህ ጂን የተባዛ እንደሆነ አሳየ። በስዊድናውያን ዘንድ ይህ ከ1 እስከ 2 ከመቶ ብቻ ነው። እንግዲህ አውሮፓ ውስጥ ብርቅ የሆነው አደጋ እኛ ጋ ብርቅ አይደለም ማለት ነው። የአገራችን መድኃኒት ተቆጣጣሪም ኮዴይን በኢትዮጵያ ጥቅም ላይ እንዳይውል አግዷል። የአውሮፓ ተቆጣጣሪ በ2015፣ የአሜሪካው በ2017 ከ12 ዓመት በታች ላሉ ልጆች ለሳል እንዳይሰጥ ወሰኑ።

ታዲያ ከውጭ አገር በሻንጣ የመጣ ሽሮፕ ቤታችሁ ካለ ጽሑፉን አንብቡ። ኮዴይን ካለበት ለልጅ አይሰጥ፣ የምታጠባ እናትም አትውሰደው። ከአልኮልና ከእንቅልፍ መድኃኒት ጋርም አይቀላቀል። ድብታ፣ ማቅለሽለሽና የሆድ ድርቀት የተለመዱ ጎንዮሽ ጉዳቶቹ ናቸው። የወሰደው ሰው ሲጠሩት በቀላሉ ካልነቃ ወይም ትንፋሹ ከዘገየ ግን ሳትውሉ ሳታድሩ ወደ ጤና ተቋም ውሰዱት፤ ጠርሙሱንም ያዙ።

ማሩስ? ጥሩ ነው፤ ዓመት ላልሞላው ሕፃን ግን አይሰጥም። ሳሉ ሁለት ሳምንት ከሞላው ደግሞ ሽሮፕ መፈለጉን ተዉትና ለቲቢ ተመርመሩ። የአባትን ሽሮፕ ግን ለልጁ አትስጡ፤ መጠኑ የተለካው ለአባት ነው።