የሪቲጋላ ተራራ ገዳም ፍርስራሽና የድሪቶ ለባሾቹ መነኮሳት ጥያቄ

ቀድሞ ሲሎን ትባል በነበረችው በስሪ ላንካ ደሴት፣ ከጥንቱ ዋና ከተማ ከአኑራደፑራ በስተ ደቡብ ምሥራቅ፣ ሪቲጋላ የሚባል ተራራ አለ። ከፍታው ከባሕር ወለል በላይ 766 ሜትር ብቻ ስለ ሆነ የእኛን አገር ተራሮች ለለመደ ሰው ኰረብታ ቢመስለው አያስደንቅም። ሆኖም ዙሪያው ደረቅ ሜዳ ነውና ከሩቅ ይታያል፤ ጫፉም ደመና ስለሚይዝ ከግርጌው ይልቅ እርጥበት አለው። በምሥራቃዊው ተረተር ላይ፣ በደን ውስጥ፣ የቡድሃ መነኮሳት በጸጥታ ተቀምጠው ኅሊናቸውን ይሰበስቡበት የነበረ የአንድ ታላቅ ገዳም ፍርስራሽ ይገኛል። ደሴቲቱ ራሷ ለታሪካችን ጨርሳ ባዕድ አይደለችም፤ በ6ኛው መቶ ዘመን አዱሊስን የጐበኘው ነጋዴ ቆስማስ «ታፕሮባኔ» ብሎ ጠርቷት፣ ከኢትዮጵያም መርከቦች ይደርሱባት እንደ ነበረ ጽፏል። እኛ ግን እዚህ የምንመረምረው ንግዱን ሳይሆን ገዳሙን ነው። (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።)

ስለ ተራራው ጥንታዊነት ብዙ ማለት አያስፈልግም። የደሴቲቱ ዜና መዋዕል ማሃቫምሳ «አሪታ» እያለ ይጠራዋል፤ ንጉሥ ፓንዱካብሃያ ከአጐቶቹ ጋር ሲዋጋ ሰባት ዓመት እንደ ተቀመጠበትም ይተርካል። ከክርስቶስ ልደት በፊት በነበሩት የመጨረሻ መቶ ዓመታት ደግሞ መነኮሳት በዋሻዎቹ ይኖሩ ነበር። የዝናቡ ውኃ ወደ ውስጥ እንዳይገባ በዋሻዎቹ ግንባር ላይ ጠርዝ ተፈልፍሎላቸዋል፤ ከጠርዙም በታች የሰጪው ስም በብራህሚ ፊደል ተቀርጿል። በደሴቲቱ የተለመደው የእንደዚህ ያለ ጽሕፈት አነጋገር ዋሻው ለአራቱ ማዕዘን መነኮሳት፣ ለመጡትም ላልመጡትም፣ የተሰጠ መሆኑን ይገልጻል። ይህን ቃል አንባቢ እንዲያስታውሰው እንለምናለን፤ በኋላ እንመለስበታለንና።

ዛሬ የሚታየው የጥርብ ድንጋይ ሥራ ግን ከዋሻዎቹ እጅግ የዘገየ ነው። ማሃቫምሳን የሚቀጥለው ቹላቫምሳ የተባለው መጽሐፍ፣ ከ833 እስከ 853 የነገሠው ቀዳማዊ ሴና በአሪታ ተራራ ላይ ታላቅ ገዳም ሠርቶ «ፓምሱኩሊካ» ለተባሉ መነኮሳት እንደ ሰጠ ይናገራል። ፓምሱኩሊካ ማለት ከትቢያ የተነሣ ጨርቅ ለባሽ ማለት ነው። ከቈሻሻ ክምርና ከመቃብር ስፍራ የተጣለ ጨርቅ ለቅመው፣ አጥበውና ጥፈው ይለብሱ ስለ ነበረ እኛ ድሪቶ ለባሾች ብንላቸው የሚስማማ ይመስለናል። ድሪቶ መልበስ በቡድሃ ሥርዓት ግዴታ አይደለም። በ5ኛው መቶ ዘመን በአኑራደፑራ የጻፈው ሊቅ ቡድሃጎሳ ከሚዘረዝራቸው ከ13ቱ የፈቃድ ተጋድሎዎች የመጀመሪያው ነው። ዴቫዳታ የተባለው መነኩሴ እንዲህ ያሉት ተጋድሎዎች በሁሉ ላይ ግዴታ ይሁኑ ብሎ በጠየቀ ጊዜ ቡድሃ እንቢ እንዳለው ይተረካል። ስለዚህ ድሪቶ የለበሰ ሰው ወዶ የለበሰ ነው።

ወደ ፍርስራሹ እንግባ። ከግርጌው ባንዳ ፖኩና የሚባለው፣ ዙሪያውን በድንጋይ ደረጃ የታነጸ ሰፊ ኩሬ አለ። ከዚያ በጥርብ ድንጋይ የተነጠፈ መንገድ ዳገቱን ይዞ በዛፎቹ መካከል ይወጣል፤ በየመካከሉም ክብ ማረፊያዎች አሉት። በመንገዱ ግራና ቀኝ የገዳሙ ዋና ሕንፃዎች ይገኛሉ። እነዚህም ጥንድ መደቦች ናቸው፤ ይኸውም በግዙፍ ጥርብ ድንጋይ የተከበቡ ሁለት ከፍ ያሉ መደቦች ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ተከታትለው ይቆሙና በመካከላቸው የድንጋይ ድልድይ ያገናኛቸዋል። አንደኛው መደብ የምሰሶ ምልክት ስላለው ጣራ ነበረው፤ ሁለተኛው ግን ለሰማይ የተገለጠ ነበር። ጣራ ያለው ለመኖሪያ፣ ገላጣው ለተመስጦ ነበረ የሚለው አስተያየት ለእኛ የተሻለ ይመስለናል። የሙቅ ውኃ መታጠቢያ የነበረ ቤትም አለ። በዚያ የመድኃኒት መፍጫ ድንጋዮች ስለ ተገኙ አንዳንዶች ሐኪም ቤት ይሉታል፤ ነገር ግን የመነኮሳቱ ሕግ ለጤና ሲባል ሙቅ መታጠቢያን ስለሚፈቅድ፣ ስለ ሐኪም ቤት ማሰብ የግድ አያስፈልግም።

ከሚታየው ይልቅ የማይታየው የበለጠ ያስደንቃል። በአኑራደፑራ ያሉት ታላላቅ ገዳማት በስቱፓ፣ በቡድሃ ምስልና ቡድሃ ከሥሩ ተቀምጦ እውነትን አገኘበት በሚባለው የዛፍ ዘር የተከበሩ ናቸው። በሪቲጋላ ግን በሴና ዘመን ከተሠሩት መካከል ስቱፓም ምስልም የዛፉም አጥር የለም። ግድግዳው ለስላሳ፣ ደረጃው ያለ ጌጥ ነው። ከጌጥ ያልተለየው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እርሱም የሽንት መሽኛው ድንጋይ ነው። ከአኑራደፑራ በስተ ምዕራብ ባሉት የድሪቶ ለባሾች ገዳማት ውስጥ ደግሞ ይህ ድንጋይ የባለጸጋ ቤት ፊት ተቀርጾበት ይገኛል።

ይህንን ብዙዎች ሲተረጕሙ፣ ድሪቶ ለባሾቹ የከተማውን ገዳማት ቅንጦት በመናቅ በጌጡ ላይ ይሸኑበት ነበር ይላሉ። ትርጓሜው ያስቃል፣ ለማስታወስም ይቀላል፤ እኛ ግን እንጠራጠረዋለን። አንደኛ፣ አሳቡ የዘመናችን ሊቃውንት እንጂ የጥንት ጽሕፈት ቃል አይደለም። ሁለተኛ፣ ድንጋዩን የቀረጸው የንጉሡ ጠራቢ ነው፤ ንጉሡም የከተማው ገዳማት ሁሉ ደጋፊ ስለ ነበረ በገዛ ምጽዋቱ ላይ እንዲህ ያለ ስድብ ያስቀርጻል ብሎ ማመን ይቸግራል። ምናልባት መነኮሳቱ ጌጥን ከጸሎትና ከመኖሪያ ስፍራ ከልክለው፣ ማንም ልቡን በማያኖርበት ቦታ ለጠራቢው እጅ ለቀቁለት ማለት ይቀል ይሆናል።

ዋናው ጥያቄ ግን ሌላ ነው። ቹላቫምሳ እንደሚለው ሴና ገዳሙን ብቻ አልሰጠም፤ ብዙ ገቢ፣ የንጉሥ ክብርና መብት፣ የአትክልት ጠባቂዎች፣ አገልጋዮችና የእጅ ሠራተኞች ጨምሮ ሰጣቸው። ይህን በክፍል ባቀረብን ጊዜ አንድ ጓደኛችን ተነሥቶ፣ «አሽከር ያለው ድሀ እንዴት ድሀ ይባላል?» ብሎ ጠየቀን፤ ያን ዕለት የረባ መልስ አልሰጠነውም።

አሁን የምንመልሰው እንዲህ ነው። ስእለቱ የሰው ነው፤ ገቢው ግን የገዳሙ ነው። ድሪቶ የለበሰው መነኩሴ ለራሱ የያዘው አልነበረም። ደግሞም የመነኮሳቱ ሕግ መሬት መቈፈርንና ተክል መቍረጥን ስለሚከለክል፣ በደን ውስጥ ያለ የተነጠፈ መንገድ ያለ ሌላ ሰው እጅ ሁለት ክረምት አይቈይም። አገልጋዮቹ ለቅንጦት ሳይሆን ለጸጥታው ሲባል ያስፈልጉ ነበር። ሆኖም ጓደኛችን ጨርሶ አልተሳሳተም። ሴና እንዲህ የሰጠው በከንቱ አይደለም፤ በዘመኑ የፓንዲያው ንጉሥ ከደቡብ ሕንድ ተሻግሮ አኑራደፑራን ዘርፎ፣ የወርቅ ምስሎችን ሳይቀር ወስዶ ነበር። ምንም የሌላቸውን መነኮሳት ማክበር ለተዋረደ ዙፋን ክብር ይሆናል። የምንጠቅሰው ዜና መዋዕልም ከሴና በኋላ ሦስት መቶ ዓመት ያህል ዘግይቶ የተጻፈ፣ የነገሥታትን ምጽዋት መቍጠር የሚወድ የመነኮሳት መጽሐፍ ስለ ሆነ፣ ድሪቶ ለባሾቹ ራሳቸው ስለ ስጦታው ምን እንዳሰቡ ከእርሱ አንሰማም። በሁለተኛው ሴና 20ኛ የንግሥ ዓመት ከአብሃያጊሪ ገዳም ተለይተው ለብቻቸው መሆናቸውን ግን ይነግረናል።

በዚህ ላይ የዋሻዎቹን ቃል እናስታውስ። ዋሻው የተሰጠው ለመጣውም ላልመጣውም ነው፤ ጠባቂም ገቢም አይፈልግም፤ መነኩሴ ቢሄድበት ዋሻው ይቈያል። የሴና ገዳም ግን በመንግሥቱ ከረጢት ቆመ። በ993 የቾላው ንጉሥ ቀዳማዊ ራጃራጃ ሠራዊት አኑራደፑራን ከያዘ በኋላ ዋና ከተማው ወደ ፖሎናሩዋ ተዛወረ፤ የሪቲጋላ መደቦችም ባዶ ቀሩ፣ ደኑም ዋጣቸው።

ስፍራው ወደ ጽሕፈት የተመለሰው በ1872 ጄምስ ማንቴል የተባለ እንግሊዛዊ የመሬት ቀያሽ ባየው ጊዜ ነው፤ በ1893ም የደሴቲቱ የመጀመሪያ የጥንታዊ ቅርስ ኃላፊ ኤች. ሲ. ፒ. ቤል መረመረው። «አገኙት» ሲባል ስንሰማ፣ የተራራው ግርጌ ሰዎች ከጥንት ጀምሮ ዝንጀሮው ሃኑማን ከሂማላያ የመድኃኒት ቅጠል ሲያመጣ የጣለው ቍራጭ ነው እያሉ ያወሩለት እንደ ነበረ መርሳት የለብንም። በ1941 ተራራው ጥብቅ የተፈጥሮ ክልል ሆኖ ተከለለ። የተጠረጉት መደቦች ከመንገዱ ዳር ሊታዩ ይችላሉ፤ ከእነርሱ በላይ ያለው፣ ዋሻዎቹም ብዙዎቹ፣ እስከ ዛሬ በደኑ ውስጥ ናቸው።