ያልተለመደ ቅርጽ ያላቸው ጣሪያዎችና የነፋስ ጫና ስሌት በአዊ ዞን

በአማራ ክልል በአዊ ብሔረሰብ አስተዳደር ዞን የሚገኙት የእንጅባራና የዳንግላ ከተሞች ከባሕር ጠለል በላይ ከ2 ሺህ 100 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ይገኛሉ። በከፍታ ቦታ አየሩ ስለሚሳሳ፣ እኩል ፍጥነት ያለው ነፋስ በዚያ የሚያሳድረው ጫና በቆላ ከሚያሳድረው ያነሰ ነው። ይሁን እንጂ ቅናሹ ቀላል የቆርቆሮ ጣሪያን ከአደጋ ነፃ አያደርገውም።

እ.ኤ.አ. በ1995 የወጣው የኢትዮጵያ የሕንፃ ኮድ ስታንዳርድ የነፋስን መነሻ ፍጥነት በሴኮንድ 22 ሜትር አድርጎ ደንግጓል። በ2 ሺህ ሜትር ከፍታ የአየሩ ጥግግት በሜትር ኩብ 0.94 ኪሎ ግራም ነው። ፍጥነቱ በራሱ፣ ቀጥሎም በጥግግቱ ተባዝቶ ለሁለት ሲካፈል መነሻ ጫናው በካሬ ሜትር 227 ኒውተን ገደማ ይሆናል። በባሕር ጠለል ላይ ግን 290 ይደርሳል። እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣው ስታንዳርድም የአውሮፓን ኮድ መሠረት ያደረገ ነው።

ከዚህ በኋላ የሕንፃው ቁመት፣ የአካባቢው ግልጽነትና የጣሪያው ቅርጽ ይታከላሉ። ነፋስ ጣሪያን ከመጫን ይልቅ አብዛኛውን ጊዜ ወደ ላይ ይስበዋል፤ ስበቱም በጠርዝና በጫፍ ላይ ይበረታል። ለአብነት የመጋለጥ መጠኑ 2፣ የጠርዙ የስበት መጠን 1.2 ቢሆን፣ ጣሪያው በካሬ ሜትር 545 ኒውተን ገደማ ወደ ላይ ይሳባል። 0.4 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ቆርቆሮ ክብደት ግን 40 ኒውተን ያህል ብቻ ነው። በነፋሱ አቅጣጫ ያለ በር ክፍት ከሆነ ደግሞ ከውስጥ የሚገፋው አየር ይታከልበታል።

አስቸጋሪው የክብ ቤትና የክብ ቤተ ክርስቲያን ሾጣጣ ጣሪያ ነው። የኮዱ ሠንጠረዦች ጠፍጣፋ፣ ባለ አንድና ባለ ሁለት ተዳፋት፣ ባለ አራት ተዳፋት እንዲሁም ጉልላት ጣሪያዎችን ሲያካትቱ ሾጣጣውን ለብቻው አይዘረዝሩም። የሣር ክዳን ከባድ ከመሆኑም በላይ አየር ያሳልፋል። ሣሩ ተነሥቶ በቆርቆሮ ሲተካ ቅርጹ እንደነበረ ቢቀጥልም ክብደቱና አየር ማሳለፊያው አብረው ይቀራሉ፤ ብዙ ጊዜ የሚዘነጋውም ይኸው ነው። የጉልላቱን ቁጥር እንዳለ መውሰድም አጥጋቢ አይደለም። ታላላቅ አዳራሾች ሲሆኑ በነፋስ ዋሻ የሚደረግ የሞዴል ሙከራ የተሻለ አማራጭ ነው።

ፕላን የሚመረምር ባለሙያ ስሌቱ ለየትኛው ከፍታና ቅርጽ እንደተሠራ ሊጠይቅ ይገባል። ቆርቆሮው ከማገሩ፣ ማገሩ ከወራጁ፣ ወራጁም ከግድግዳው ጋር የሚያያዝበት ዝርዝርም በሥዕሉ ላይ መታየት አለበት።