የአንጓ ትራስ

በዋግ ኽምራ ደጋ ከምንጭ ውኃ ቀድታ፣ 20 ሊትር ጀሪካን አዝላ ዳገቱን የምትወጣ እናት ሕመሟን የምትናገረው «ወገቤን ቆረጠኝ» ብላ ነው። ሰቆጣ ወርዳ ስትመረመር ግን «የዲስክ መንሸራተት» የሚል ስም ይዛ ልትመለስ ትችላለች። ስሙ ለጆሮዋ እንግዳ ነው፤ የባሰው ደግሞ የተሳሳተ ሥዕል ይሰጣታል። «ዲስክ» የተባለውን «የአንጓ ትራስ»፣ «መንሸራተት» የተባለውን ደግሞ «መተርተር» ብንለው ይሻላል እላለሁ።

አከርካሪ አንድ ወጥ አጥንት አይደለም። ሰው ሲወለድ 33 ያህል አንጓዎች አሉት፦ 7 በአንገት፣ 12 በደረት፣ 5 በወገብ። ከወገብ በታች ያሉት ከዕድሜ ጋር እየተዋሐዱ የዳሌ መካከልና የጭራ አጥንት ይሆናሉ። አሠራሩ ጥንታዊ ነው። ከዋግ ተራሮች በስተደቡብ ምሥራቅ፣ በአፋር ዲኪካ የቅሪተ አካል ተመራማሪው የዘረሰናይ ዓለምሰገድ ቡድን በ2000 እ.ኤ.አ. ያገኛት ሕፃን ሰላም ከ3.3 ሚሊዮን ዓመት በፊት የኖረች ናት። አከርካሪዋ ሲጠና የደረት አንጓዎቿ ልክ እንደኛው 12 ሆነው ተገኝተዋል።

ከአንገት ሁለተኛ አንጓ ጀምሮ እስከ ዳሌ ድረስ በየሁለቱ አንጓ መካከል አንድ ትራስ አለ፤ በድምሩ 23። የትራሱ ዳር እንደ መሶብ ስፌት ዙር በዙር የተደራረበ ጠንካራ ጅማት ነው። መሐሉ ለስላሳና ዝልግልግ ሲሆን አብዛኛው ክፍሉ ውኃ ነው። ቀን ቆመን ስንውል፣ ሸክም ስንሸከም፣ ውኃው በጥቂቱ ተጨምቆ ይወጣል፤ ሌሊት ስንተኛ ተመልሶ ይመጠጣል። ሰው ጠዋት ሲለካ ከማታው በአንድ ሴንቲ ሜትር ገደማ የሚረዝመው በዚህ ምክንያት ነው። የአዋቂ ሰው ትራስ መሐል የደም ሥር የለም፤ ምግቡን የሚያገኘው ከላይና ከታች ካሉት አንጓዎች እየሰረገ ነው። ስለዚህም አንዴ ከተጎዳ ቶሎ አይጠገንም።

ትራሱ ከላይም ከታችም ከአጥንቱ ጋር የተጣበቀ ስለሆነ አይንሸራተትም። የሚሆነው ሌላ ነው፦ የዳሩ ስፌት ይሳሳል፣ ይተረተራል፣ ከውስጥ ያለው ዝልግልግ ነገር ደግሞ በቀዳዳው ይወጣል። ብዙ ጊዜ የሚወጣው ወደ ኋላና ወደ ጎን ነው፤ በዚያ በኩል ወደ እግር የሚወርድ ነርቭ ያልፋል። የወጣው ነገር ነርቩን ሲጫነውና ሲያስቆጣው ሕመሙ ከወገብ ተነሥቶ በቂጥና በጭን አድርጎ እስከ እግር ጣት ይወርዳል። በብዛት የሚተረተሩት የወገብ የመጨረሻዎቹ ሁለት ትራሶች ናቸው። ይህን ግንኙነት በግልጽ ያስረዱት ሚክስተርና ባር የተባሉ የቦስተን ሐኪሞች ሲሆኑ ጽሑፋቸው የወጣው በ1934 እ.ኤ.አ. ነው።

የቃሉ ነገር እዚህ ላይ ሕይወት ይነካል። «ተንሸራተተ» የተባለ ነገር ተገፍቶ ወደ ቦታው የሚመለስ ይመስላል። ሰውም ወጌሻ ዘንድ ሄዶ ወገቡን ያስረግጣል። ወጌሻ በወለምታ የከበረ ሙያ አለው፤ የተተረተረ ስፌት ግን በመርገጥ አይሰፋም፣ ነርቩም ይበልጥ ሊጎዳ ይችላል። «ተተረተረ» ብንል ማንም ሰው ትራሱን የሚያስረግጥ አይመስለኝም።

ደግሞም የወጣውን ነገር ሰውነት ራሱ ቀስ በቀስ ይመጠዋል። አብዛኛው ታማሚ ያለ ቀዶ ሕክምና በሳምንታት ወይም በጥቂት ወራት ውስጥ ይሻለዋል። ሳምንታት ሙሉ ከአልጋ አለመነሣት አይረዳም፤ እንደ አቅም መራመድ ይረዳል።

ትራስን የሚያሳሳው ሸክም ብቻ አይደለም፤ ዕድሜና የዘር ውርስ ትልቅ ድርሻ አላቸው። ሆኖም ሸክሙ ከገላ በራቀ ቁጥር በወገብ ላይ የሚያርፈው ጫና ይበዛል፤ ሲያነሡ ጎንበስ ከማለት ጉልበት አጥፎ ጀሪካኑን ወደ ሆድ ማስጠጋት የሚመከረው ለዚህ ነው። «ከባድ ነገር አታንሺ» ማለት ግን ለዚያች እናት ምክር ሊሆን አይችልም። ለእርሷ ከምክር ሁሉ የሚበልጠው በመንደሯ የሚተከል ቦኖ ነው።

ሕመሙ ጊዜ የማይሰጥበት ሁኔታ አለ። እግር ከከዳ፣ በጭንና በጭን መካከል ያለው ገላ ከደነዘዘ፣ ሽንት ወይም ሰገራ መቆጣጠር ካቃተ፣ በዚያው ቀን ሰቆጣ ወደሚገኘው ተፈራ ኃይሉ መታሰቢያ ሆስፒታል ወይም ወደሚቀርበው ሐኪም ቤት መሄድ ያስፈልጋል። ከወገብ ሕመም ጋር ትኩሳት፣ የሌሊት ላብና መክሳት ካለ፣ ጀርባም መጉበጥ ከጀመረ፣ ነገሩ የትራስ ላይሆን ይችላል፤ የአከርካሪ ቲቢ አንጓውን ራሱን ይበላልና መመርመር ይገባል።

በዋግ የምትሠሩ የጤና ባለሙያዎችና የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች፣ ለታማሚው ስታስረዱ «ትራሱ ተተርትሯል» በሉት። በኽምጣና ቋንቋ የምታስረዱም ቤተሰብ ትራስንና ስፌትን የሚጠራበትን ቃል ምረጡለት።